ቢበዛ ስድስት ሜትር

«ቢበዛ ስድስት ሜትር ነው፤ ከዚያ አያልፍም» አለች ሰብለ ለሦስተኛ ጊዜ። ድምፅዋ እንደ መጀመሪያው አልጸናላትም።

ቢጫው ሜትር እስካሁን ከተጠረገው የአዲሱ መንገድ ጠርዝ ተነሥቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ አጥር ተሻግሮ፣ መቃብሮቹ መካከል ተዘርግቷል። በአንደኛው ጫፍ ቻይናዊው መሐንዲስ ዣንግ ቆሟል፤ በሌላኛው ጫፍ አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሏል። የወይራ አፋፍ ሚካኤል ሽማግሌዎች ከአጥሩ ሥር ተደርድረው ችካሉን ያዩታል። ከችካሉ ወዲህ ያሉት ሦስት መቃብሮች የጥንት ናቸው፤ የማን እንደሆኑ የሚያውቅ እንኳ የለም። አፅማቸው በጸሎት ተነሥቶ ወደ ውስጥ እንዲዛወር ትናንት ተስማምተዋል። ከችካሉ ወዲያ ግን የውብነሽ ልጅ አስማረ አለ። ከተቀበረ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው መቃብር ደግሞ በዚህ ደብር አይከፈትም።

መንገዱን የሚጠላ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ብርቄን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት፣ ጭቃው መሀል ነው ሕይወቷ ያለፈው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች ሁለቱ ዛሬ እዚሁ ተቀምጠዋል። መንገዱ ይምጣ፣ ግን ልኩ ይታወቅ ነው ነገሩ።

ልኩን መናገር የአስተርጓሚዋ የሰብለ ሥራ ነው። በዚሁ ደብር ክርስትና ተነሥታ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቻይንኛ ያጠናች የአገሩ ልጅ እሷ ብቻ ናት። በደብተሯ አንድ ገጽ ሙሉ የመጨረሻ ልክን የሚናገሩ የጣሪያ ቃላት ሰፍረዋል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ «አፕ ቱ»፣ «አት ሞስት»፣ «ኖ ሞር ዛን»፤ በቀኝ ቻይንኛው፣ «ዙይ ዱዎ»፣ «ቡ ቻው ግዎ»፤ ከሥር በእርሳስ «እስከ»፣ «ቢበዛ»፣ «ከዚህ የማይበልጥ»። ለፈተና ስትሸመድዳቸው ከሁሉ የቀለሉ መስለዋት ነበር። ቁጥር አስከትለው ይመጣሉ፤ ቁጥሩ ከተነገረ ነገሩ አለቀ።

ዛሬ ጠዋት ግን የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ውስጥ ሌላ ንድፍ አየች። የጎርፍ ቦይ ንድፍ ነው፤ መስመሩ ስምንት ሜትር ላይ ያልፋል። ዣንግን ጠየቀችው።

«መንገዱ ስድስት ነው» አላት፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «ቦዩ ሌላ ሥራ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ያኔ እንነጋገርበታለን።»

ክፉ ሰው አይደለም። ትኩሳት ጥሏት በነበረ ጊዜ ራሱ እየነዳ ደብረ ታቦር ድረስ ወስዶ አሳክሟታል። አለቆቹ ግን በየቀኑ እየደወሉ መቼ ትጨርሳለህ ይሉታል፤ የእሷም የሥራ ውል የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ስድስት ማለት ውሸት አይደለም እያለች ራሷን ስትደልል ነው እዚህ የደረሰችው።

የደብሩ አለቃ ቀለመ ወርቅ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ተነሡ።

«እንግዲህ ይህን ቃል በግዝት እንሰረው» አሉ።

ሰብለ ግዝትን በምን ቃል እንደምትነግረው እያሰበች ወደ ዣንግ ዞረች። አለቃ በእጃቸው መለሷት።

«እሱን ተይው ልጄ። ያልተጠመቀን ሰው ግዝት አይዘውም። ቃሉን ወደ እኛ ያመጣው ያንቺ አፍ ነው፤ ግዝቱንም የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ከስድስት ቢያልፍ በእኔ ይሁን ትያለሽ?»

ልጅ ሳለች፣ የተገዘተበትን ድንበር የገፋ አንድ ገበሬ ሰው ሁሉ ሸሽቶት፣ እሳት እንኳ የሚሰጠው ጎረቤት አጥቶ ሲኖር አይታለች። የፈራችው ግን ያንን ብቻ አልነበረም። ከአጥሩ ጥግ ብቻዋን የተቀመጠችው ውብነሽ ቀና ብላ ታያት ነበር። ያ አስተያየት ቅንጣት ጥርጣሬ የለበትም፤ ሰብለን ያሳፈራትም ይኸው ነው። እውነቱን ብትናገር ሽማግሌዎቹ እምቢ ይሉ ይሆናል፣ መንገዱም በሌላ ቀበሌ ይዞር ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ብርቄ በቃሬዛ ትሄዳለች። ዝም ብትል፣ መቆፈሪያው መኪና የመጣ ዕለት ይህችን ሴት በምን ዓይኗ ታያታለች?

«አልልም፣ አባ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልልም። የጎርፍ ቦይ አለው። ቢበዛ ስድስት ሳይሆን ስምንት ነው።»

ችካሉን ነቅላ፣ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስምንት ላይ ስትደርስ ተከለችው። ችካሉ ያረፈው የአስማረ መቃብር ላይ ነበር፣ ድንጋዩ ከተደረደረበት ጫፍ አንድ ክንድ ገባ ብሎ።

«እንዲህ ከሆነ መንገዱ ይቅር!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ብርቄን አንተ አልተሸከምካትማ» አለው አጠገቡ የነበረው ሰው፣ ቀና ሳይል።

ውብነሽ ተነሥታ ወደ መቃብሩ መጣች። ችካሉን አልነካችውም። በአገሩ ሟች የሚቀበረው ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ነው፤ መንገዱም የሚመጣው በምሥራቅ በኩል ነው።

«እንግዲህ ቦዩ የሚያገኘው እግሩን ነው» አለች፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እግሩ ረዥም ነበር» አለች።

«ምን አለች?» ሲል ዣንግ ጠየቀ።

ሰብለ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። እየነገረችው እንባዋ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም። ዣንግ ንድፉን ዘርግቶ ብዙ ጊዜ አየው፤ መልሶም አጠፈው። ሄልሜቱን አውልቆ አጥሩን ተሻገረና መጥቶ ከመቃብሩ ጎን ተንበረከከ።

«እግሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ጠይቂልኝ፤ ቦዩን ከዚያ መለስ ለማድረግ እሞክራለሁ» አላት።

ጠየቀቻት። ውብነሽ መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች። ትንሽ አሰበችና አንድ ጣት ያህል ወደ መንገዱ ገፋ አደረገችው።