ስምንቱ ቀዳዳዎች

የአካል ጉዳተኞችን ስፖርት ለማስፋፋት በተቋቋመው ብሔራዊ መሥሪያ ቤት፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከመንገድ ሥራ ተዛውሮ ከመጣ ገና አራተኛ ወሩ ነበር። ጡረታ ሊወጣ የቀሩት ግን አሥራ አንድ ቀናት ብቻ ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቱ አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንኳ በፋይሉ ገብታ አታውቅም፤ ሳይጠየቅ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ቢኖር ይህን ብቻ ነው። ስፖርተኞቹ «አባ ቁልፉ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ሐሙስ ዕለት ስድስት አዳዲስ ኳሶች ገቡ። ማየት የተሳናቸው ተጫዋቾች የሚጫወቱባቸው፣ በሆዳቸው ቃጭል ያለባቸው ከባባድ ኳሶች ናቸው። ተጫዋቾቹ ዐይናቸውን ሸፍነው ከግቡ ፊት ይጠብቃሉ፤ ወለል ለወለል የሚንከባለለውን ኳስ በድምፁ ለይተው፣ ተጋድመው በሰውነታቸው ያግዱታል። ኃላፊው ጨዋታውን አይቶ አያውቅም። ኳሶቹን ሲያገላብጥ በእያንዳንዳቸው ላይ ስምንት ስምንት ቀዳዳ አገኘ። የተበላሸ ዕቃ ሳይጠገን ከእጁ ወጥቶ አያውቅምና፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ጥገና ክፍል የጎማ መለጠፊያና ማጣበቂያ አስመጥቶ አርባ ስምንቱንም ቀዳዳ በገዛ እጁ ደፈነ። ሥራው ያማረ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የወጪ ሰነዱን ሊያስፈርም ወደ አዳራሹ ወረደ። በብሔራዊ ቡድኑ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ይፎካከሩበታል። ወጣቷ ትናንት በአሮጌው ኳስ ተፈትና ከአሥር ሙከራ ሰባቱን አግዳለች። ዛሬ በአዲሱ ኳስ የመፈተን ተራው የታላቋ ነው። ጓደኞቿ «ጆሮ» ይሏታል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ካልተመረጠች ሌላ ዕድል እንደማይኖራት ሁሉም ያውቃል፤ እሷም ጭምር።

የመጀመሪያው ኳስ አለፋት። ሁለተኛውም አለፋት። በሦስተኛው ወደ ግራ ስትጋደም ኳሱ በቀኟ ገባ።

«ኳሱ አይናገርም» አለች፣ ከወለሉ ሳትነሣ።

አሠልጣኙ ኳሱን አንሥቶ ከጆሮው ሥር ነቀነቀውና ይሰማል አለ። ከተቀመጡት አንዱ፣ «ጆሮም ያረጃል ለካ» ብሎ ቀለደ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አራተኛውም ሲገባ ወጣቷ ላይ መድረስ እንደማትችል ግልጽ ሆነ። አሠልጣኙ ስሟን ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አወጣ።

ኃላፊው ሰነዱን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ቀዳዳዎቹ ለምን እንደ ተበጁ የገባው ገና ያን ጊዜ ነው። ዝም ቢል የሚደርስበት ሰው አልነበረም፤ አሠልጣኙ ልጥፎቹን አይቶ የአዲሱ ኳስ አሠራር ነው ብሎ ተቀብሏቸዋል። የጡረታው ቀን ደግሞ ሩቅ አይደለም። ወደ አሠልጣኙ ሄደ።

«ድምፁን ያፈንሁት እኔ ነኝ» አለ። «ቀዳዳዎቹ ብልሽት መስለውኝ ደፈንኋቸው። እሷ ጥፋት የለባትም።»

አሠልጣኙ ነገሩን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጠየቀው። ኃላፊው ሥርዓቱን ሳይነገረው ያውቀዋልና እዚያው ተቀምጦ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀኑንም አሰፈረ። ከዚያ በኪስ ቢላው የአንዱን ኳስ ልጥፎች አንድ በአንድ ላጠ። ፈተናው እንደገና ተጀመረ። ስምንት አገደች።

ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ሁለት ጊዜ አነበበውና ቁጥሩን በገቢ መዝገብ አስፍሮ ወደ ፋይሉ አስገባው። ጥቂት ቆይቶ ጆሮ መንገዱን በበትሯ እየፈተሸች መጣች። ልታመሰግነው መስሎት ሊከላከል ሲዘጋጅ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ ማጣበቂያዎ ግን ብርቱ ነው። የቤቴ ጣሪያ ያፈስሳል፤ ትንሽ ቢሰጡኝስ?»

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ ልጄ።»

«አውቄ እኮ ነው» አለችና እየሳቀች ወጣች።

የቀሩትን አምስት ኳሶች ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት አጸዳ። እያንዳንዱንም ከግምጃ ቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንከባልሎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ «የዕቃው ሁኔታ» በሚለው ዐምድ ሥር ስድስት ጊዜ ጻፈ፦ ስምንት ቀዳዳ፤ ደኅና።