ደረቋ ባህር ገባች

በወደብ ከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ጋዜጠኛዋን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ደረቋ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው። አንድም የያዘችውን ነገር ሰማይና ምድር ቢላቀቅ አትለቅም። አንድም ተወልዳ ያደገችው ባህሩ አፍንጫ ሥር ሆኖ ሳለ፣ የባህር ውሃ ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ አያውቅም። እናቷ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እያሉ ስላሳደጓት፣ እኩዮቿ ከወደቡ ግንብ ላይ እየዘለሉ ሲንቦጫረቁ እሷ ልብስ ጠባቂ ነበረች። ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላም ቢሆን ገንዳ ዳር የተዘረጋ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ነው።

የነገሩ አስቂኝ ጎን ያገባችው የዋና አስተማሪ ልጅ መሆኑ ነው። አማቷ በከተማው መዋኛ ገንዳ ዋና ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው አጥር ዘሎ ጎረቤት የሚደርስ ሴት ነበሩ። የሚኖሩትም ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው። አማትና ምራት አይጣሉም፤ አይቀራረቡምም። ኩሽና ውስጥ ሲገናኙ ስለ ጨውና ስለ ጋዝ ሁለት ቃል ይለዋወጡና ወደየፊናቸው ይሄዳሉ። አማትየዋ ስለ እሷ ለሰው ሲያወሩ «የልጄ ሚስት» ይላሉ እንጂ ሌላ መጠሪያ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ባልየው መርከብ በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲጮህበት ስለሚውል ማታ ቤቱ ጸጥ ማለቱ ይስማማዋል። «ቤቴ ሰላም ነው» ይል ነበር፣ «ድምፅ ብቻ ነው የጎደለው»።

ደረቋ ስለ ማዘጋጃ ቤትና ስለ ገበያ ዋጋ ነበር የምትዘግበው። አንድ ቀን የዓሣ ዋጋ ልትጠይቅ ዓሣ ተራ ስትሄድ፣ የሻጮቹ አለቃ የሆኑት፣ ግራም ስለማይሰርቁ «እትዬ ሚዛን» የሚባሉት ሴት፣ ዋጋውን ትተው ሌላ ወሬ ጀመሩላት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ሰላጤ ውስጥ፣ ከውሃው በታች፣ ሰፊ የሣር መስክ ነበር። የዓሣ ጫጩት የሚያድገው እዚያ ነው፤ የባህር ኤሊም የሚግጠው እዚያ ነው። ጀልባዎች መልሕቅ እየጣሉ ሣሩን ከነሥሩ ሲነቃቅሉት ኤሊውም ዓሣውም አገር ለቀቀ። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ታዲያ ከጀልባ ባለቤቶቹ ጋር ተጨቃጨቁ፣ ለመኑ፣ አኮረፉ፣ ዓሣችሁን አንሸጥም እስከማለት ደረሱ። በመጨረሻ ተስማሙ። ከባድ ድንጋይ የባህሩ ወለል ላይ ተቀመጠ፤ ከድንጋዩ በገመድ በርሜል ታስሮ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አሁን ጀልባ ሁሉ መልሕቅ ሳይጥል በርሜሉ ላይ ነው የሚታሰረው። ሣሩም ተመልሶ አቆጥቁጧል አሉ፤ ኤሊም ታይቷል አሉ።

ደረቋን እንቅልፍ የነሳት ይህ «አሉ» የሚለው ቃል ነው። አሉ ተብሎ ዜና አይሠራም። ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ ለማየት ደግሞ ጀልባ መከራየት፣ ውሃ የማያበላሸው መቅረጫና ካሜራ ማግኘት፣ ሳምንታት ከሌላ ሥራ ነፃ መሆን ይጠይቃል። ጣቢያው ድምፅ መቅረጫ እንኳ በተራ የሚጠቀም ድሃ ጣቢያ ነው። ዋና አዘጋጁ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ደግ ሽማግሌ፣ ወሬውን ወደዱት፤ ግን ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩዋት።

ደግነቱ ሰውየው የማያነቡት ነገር የለም። ባህርን ስለመጠበቅ ለሚዘግቡ ጋዜጠኞች ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ድርጅት ማመልከቻ እየተቀበለ መሆኑን ከኢንተርኔት አገኙና ጠሯት። የጀልባ ኪራይ፣ ዕቃ፣ የሥራ ጊዜ፣ ሁሉንም ይሸፍናል። ደረቋ በደስታ ክንፍ አውጥታ ቁጭ ብላ ጻፈች። የጻፈችውን አዘጋጁ አነበቡላትና «ይህን ያነበበ ሰው የሚታየው ስብሰባ ነው፤ ባህር የት አለ?» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ «ዘርፈ ብዙ»፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ «ከዚህ አንጻር» የሚሉ ቃላት ተደርድረውበታል። ቀኑ ሊያልፍ ሆነና እንዳለ ላከችው። መልሱ በትሕትና የተጻፈ «አይሆንም» ነበር።

ደረቅ መሆን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዙር ሲከፈት ደረቋ ማመልከቻውን እንደገና ጻፈችው፤ ይህን ጊዜ ለእህቷ ስልክ ላይ እንደምታወራ አድርጋ። እትዬ ሚዛን ከጀልባ ባለቤቶች ጋር እንዴት እንደተሟገቱ፣ በርሜሉ ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ፣ ሴቶቹ ገመዱን ሲጎትቱ ማን እንደወደቀች ሳይቀር አሰፈረች። ለቃለ መጠይቅ ተጠራች።

ቃለ መጠይቁ የተደረገው በአዘጋጁ ጠባብ ቢሮ፣ በኮምፒውተር ነው። ድምፅ እንዳይረብሽ ማራገቢያው ጠፍቶ ስለነበር ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል። ከኮሚቴው መካከል ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ሴት ብዙ ሲያዳምጡ ቆይተው በመጨረሻ ሣሩን ራሷ አይታው እንደሆነ ጠየቋት።

«አላየሁትም» አለች ደረቋ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ አንድ ቃል ነው። «ዋና አልችልም። እውነቱን ለመናገር፣ ውሃ እፈራለሁ።»

አዘጋጁ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቆመው በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሴትየዋ አመስግነው ተሰናበቱ። ደረቋ ማራገቢያውን አብርታ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብላ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መኪና ወደምትጽፈው ዜና ተመለሰች።

መልሱ ሲመጣ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ድጋፉ ተሰጥቷታል። ከታች ደግሞ እንዲህ የሚል ተጨምሮበት ነበር፤ «በበጀትዎ ውስጥ የዋና ትምህርት ስላላየን ጨምረንበታል።» አዘጋጁ ከወንበራቸው ተነስተው ቢሮውን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ጭፈራ ነው ያሉት ባልደረቦቻቸው ናቸው እንጂ እሳቸው እግሬ ደንዝዞ ነው አሉ። ደረቋ ግን ደስታውም ፍርሃቱም እኩል መጣባት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ አማቷ ኩሽና ውስጥ ሾርባ እያማሰሉ ነበር። ደረቋ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ» አለች፣ «ዋና ያስተምሩኛል?»

አማትየዋ ማማሰያውን አስቀመጡ። «ይህን ጥያቄ ከሠርግሽ ማግስት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላሉኝም?»

«ውሃ የሚፈራ ሰው ተጠርቶ አይመጣም። ራሱ ነው መምጣት ያለበት።»

የአስተማሪነት ክፍያውን በተመለከተ አማትየዋ አልተግደረደሩም። እጅ በእጅ ተቀበሉና ለራሳቸው አዲስ የመዋኛ ልብስ ገዙበት፤ ደማቅ ቢጫ።

ትምህርቱ የከተማው ገንዳ ውስጥ ተጀመረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ደረቋ ግን ሁለቱንም አስከነዳች። የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ስትቀር አማትየዋ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቅቁ ነበር። ፊቷን ውሃ ውስጥ ነክራ አረፋ መንፋት ተማረች፤ ውሃ በአፍንጫዋ ገብቶ ዓይኗ ደም እስኪመስል አስነጠሳት። ከአጠገቧ ገና ጥርሳቸውን ያልነቀሉ ሕፃናት እንደ ዳክዬ ሲያልፉ እያየች ታፍራለች። አማትየዋ ግን በምራታቸው አልሳቁም፤ ሌላ ሰው ሊስቅ ሲል ደግሞ ዞር ብለው አንድ ጊዜ ያዩታል፤ ያ ይበቃል።

መንሳፈፍ የሚማሩበት ቀን ደረሰ። ደረቋ በጀርባዋ ተጋደመች፤ አማትየዋ መዳፋቸውን ከወገቧ ሥር አደረጉ። በዚያ ሁሉ የጋብቻ ዘመን እኒህ ሴት ከሰላምታ በቀር ነክተዋት አያውቁም። መዳፉ ሻካራና ጠንካራ ነው፤ እንደ ጣውላ ግን አያቆረቁርም።

«እጅዎን እንዳያነሱ፣ እማማ።»

«አላነሳም። ሲበቃሽ አንቺው ትነግሪኛለሽ።»

ደረቋ ጣሪያውን እያየች እናቷ የሚሉትን ነገረቻቸው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን።

አማትየዋ አሰቡበት። «እናትሽ እውነት ነው ያሉት» አሉ። «ግን የሚያለቅሰውንም ይወስደዋል እኮ። እንግዲህ ካልቀረ እየሳቅሽ ተማሪ።»

ደረቋ ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ አንገቷ ላላ፣ ትከሻዋ ላላ፣ እግሯ እንደ እንጨት መገተሩን ተወ። ብዙ ቆይታ፣ ቀስ ብላ «ያንሱት» አለች። መዳፉ ሄደ። ውሃው ግን እሷን ይዞ ቀረ።

«ይኸው» አሉ አማትየዋ። «ይኸው፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የጎደለው ድምፅ መጣ። ሁለቱ ሴቶች ራት ላይ ስለ እግር አመታት፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ገንዳው ጠባቂ አኳኋን ያወራሉ። በያጁ በመካከላቸው ተቀምጦ፣ ዳቦውን እንዲያቀብሉት ሁለት ጊዜ ጠይቆ የሚሰማው ሲያጣ፣ ተነስቶ ራሱ ያነሳል፤ ፊቱ ግን እንደ ሠርጉ ቀን ያበራ ነበር።

ወደ ሰላጤው የሄዱት ባህሩ እንደ ዘይት በረጋበት አንድ ጠዋት ነው። ጀልባው ላይ ባለጀልባው፣ እትዬ ሚዛን፣ ቢጫ የለበሱት አማት፣ እና ተንሳፋፊ ሰደርያ እስከ አገጯ የቆለፈች ደረቋ ነበሩ። ባለጀልባው ገመዱን በርሜሉ ላይ አሰረ። አማትየዋ ዘለው ገቡ። ደረቋ የመጥለቂያ መነጽሯን አጥልቃ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ነክሳ፣ የጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያው ቀረች። ማንም አልገፋት፣ ማንም አልለመናት። እትዬ ሚዛን ብርቱካን ልጠው ለባለጀልባው አካፈሉት፤ ስለ ልጃቸው የቤት ኪራይ ጨዋታ ያዙ። አማትየዋ ከታች ተንሳፍፈው ሰማይ ያያሉ።

ኋላ ላይ ስትጠየቅ መቼ እንደገባች አታስታውስም። የምታስታውሰው ፊቷን ስትነክር ያየችውን ነው።

አረንጓዴ ነበር። ዓይን እስከሚያይበት ድረስ የሣር መስክ፣ ሁሉም ባንድነት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል፣ ሁሉም ባንድነት ሲመለስ። በሣሩ መካከል ጥፍር የሚያክሉ የዓሣ ጫጩቶች እንደ ተበተነ ብር ብልጭ ይላሉ። አማቷ እጇን ነካ አድርገው ወደ ግራ ጠቆሙ። አንድ ኤሊ፣ እንደ ትሪ ሰፊ፣ ጎንበስ ብሎ ይግጣል። ቸኩሎ የማያውቅ ሽማግሌ ምሳውን የሚበላ ይመስላል። ቀና ብሎ አያት፤ የሚያስደንቅ ነገር ስላላገኘባት ተመልሶ መጋጡን ቀጠለ።

ደረቋ ቱቦውን እንደነከሰች ሳቀች፤ ውሃ ገባባት፤ እየሳለች ብቅ አለች። ጀልባው ላይ ጎትተው ሲያወጧት ወዲያው «መቅረጫዬን አምጡልኝ» አለች። ያየችውን ሁሉ እየሳለች፣ እያቋረጠች፣ አንዳንዴም እየሳቀች ተናገረች። እትዬ ሚዛን ጣልቃ እየገቡ «ሥሩስ? ሥሩ ይዟል?» ብለው ይጠይቋታል፤ እሷም ይዟል ትላቸዋለች።

ደጋግማ እየጠለቀች ካሜራዋን የሞላችበት ጊዜ ተከተለ፤ የባህር ሳይንስ ባለሙያዎችን አነጋገረች፤ በርሜሎቹን የተቃወሙትን የጀልባ ባለቤቶችም ሳይቀር አቀረበች። ጥሩ አድርጋ ሠራችው። አዘጋጁ ግን ያን የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይቆርጡ፣ ከነሳሉ፣ መክፈቻ አደረጉት።

ፕሮግራሙ በተላለፈ ማግስት የጣቢያው ስልክ አላርፍ አለ። ከሰላጤው ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች በርሜሉ እንዴት እንደሚታሰር ለማየት መጡ፤ እትዬ ሚዛንም እጅጌያቸውን ሰብስበው አሳዩዋቸው። እኒያ ፀጉረ ሸበቶ ሴት ከድርጅቱ ደውለው የሚቀጥለውን ዙር እንድታመለክት ነገሯት፤ ኤሊው ቀና ብሎ ያያትንም ቦታ ደግማ እንድታወራላቸው ጠየቋት።

ከሁሉ በላይ ያስደሰታት ግን ከዓሣ ተራ የመጣው ጥያቄ ነው። ሻጮቹ ሴቶች ተማክረው እትዬ ሚዛንን ላኩ። ዕድሜ ልካችንን ዓሣ ስንሸጥ ኖረን ዓሣው የሚኖርበትን አላየንም፤ አንቺን ያስገቡሽ አማትሽ እኛንም ያስገቡን አሉ።

እሑድ ጠዋት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ሴቶቹ አሮጌ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ቀሚሱ እየተነፋ በዙሪያቸው እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። አንዷ ትጮኻለች፣ ሌላዋ ትሳደባለች፣ ሦስተኛዋ ዘፈን ታወጣለች። ቢጫዋ አስተማሪ በመካከላቸው እየዞሩ፣ ወገብ እየደገፉ፣ ለእያንዳንዷ «ሲበቃሽ ንገሪኝ» ይላሉ። እትዬ ሚዛን ገና ከመንሳፈፋቸው እግራቸው በማን ላይ እንዳረፈ ሳያዩ ከዳር ላሉት የዓሣ ዋጋ መጥራት ጀመሩ።

ደረቋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ድምፃቸውን እየቀረጸች ነበር። አንዷ ሴት የምትሰምጥ መሰላት፤ ሴትየዋ ግን እየሳቀች ነበር። ይህን ያላስተዋለችው ደረቋ መቅረጫውን ሳታጠፋ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ከነጫማዋ ሮጣ ገባች።