ለሐጂ መሩፍ ያልደረሰው ጣፋጭ

የአባቴን እናት ሁላችንም ቢቢ ነበር የምንላት። ያደግነው ከሄራት ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ ኦቤ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ነው። አባቴ በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ የቤቱ አዛዥ ታናሽ ወንድሙ አጎቴ ረሱል ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትምህርት ቤት የምሄድበትን ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። ግን እሱ አንድ ነገር ከተናገረ አለቀ። እናቴ ሃኒፋ ገና በልጅነቷ እዚያ ቤት ከተዳረች ጀምሮ በእሱ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት አዋላጅ ወደ ሰፈራችን መጥታ፣ ሄራት ውስጥ ለሴቶች የአዋላጅነት ትምህርት ቤት መከፈቱን ነገረችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። እናቴ የመጨረሻ ልጇን ያጣችው ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት የሚወስዳት ወንድ እስኪመጣ ስትጠብቅ ነው፤ ያን ቀን እጇን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

አጎቴ ግን ለልጁ ሊድረኝ ለምንጣፍ ነጋዴው ለሐጂ መሩፍ ቃል ሰጥቶ መጣ። ልጁ ኢራን ነው የሚሠራው፤ ፎቶግራፉን እንኳ አላየሁም። በእኛ ዘንድ የልጅቷ ቤተሰብ ለጠያቂዎቹ ጣፋጭ ካስረከበ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ስለዚህ አጎቴ ትሪው እንዲሰናዳ አዘዘ፤ የሐጂ ቤት ሴቶች በማግስቱ መጥተው ይወስዱታል አለ።

ትሪውን ያሰናዳችው እናቴ ናት። በስኳር የተለበጠውን ለውዝ እየደረደረች እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ቢቢ ጥግ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ስታንከባልል ቆየችና፣ «ሃኒፋ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

እናቴ ጥያቄው አልገባትም። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ቢቢ ደገመችላት።

«ትማርልኝ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቢቢ ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች። እኔም ተስፋ አላደረግኩም።

በማግስቱ የሐጂ ሚስት ከባሏና ከእህቷ ጋር መጣች። ወንዶቹ እንግዳ መቀበያው ክፍል ገቡ፤ ሴቶቹ እኛ ዘንድ ተቀመጡ። ሻዩ ተጠጣ፣ ስለ ብርዱና ስለ ዘመድ አዝማድ ተወራ። በመጨረሻ እንግዶቹ ወደ ትሪው ማየት ሲጀምሩ ቢቢ ወደ ራሷ ሳበችው፤ የታሰረበትን ቀይ ጨርቅ ፈታችና ከለውዙ በእፍኟ ዘግና የሐጂ ሚስት ሳህን ላይ አደረገችላት።

«ብዪ እህቴ፣ ከሻይ ጋር ጥሩ ነው።»

«ይሄ እኮ ይዘነው የምንሄደው ነው» አለች የሴትየዋ እህት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው እዚሁ የምንበላው። እኔ ጥርስ የለኝም፤ እናንተ አግዙኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እናቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቢቢ ግን ጉልበቷን እያሻሸች ተነሣች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ባዕድ ወንድ ባለበት ገብታበት ወደማታውቀው ወደ ወንዶቹ ክፍል ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«ሐጂ» አለች፣ «ልጅዎ ይባረክ፣ መልካም ሚስት ይስጠው። የእኛ ልጅ ግን አትሰጥም። ሄራት ሄዳ አዋላጅነት ትማራለች።»

ሐጂ መሩፍ እሷን ሳያይ ወደ አጎቴ ዞረ። «ረሱል፣ በዚህ ቤት የሚናገረው ማን ነው?»

አጎቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቢቢ ቀደመችው። «እሱን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ መናገር ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ሐጂ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ሚስቱም ተከተለችው፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን የእኔን ጉንጭ ዳሰስ አድርጋ ነው ያለፈችው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

አጎቴ እናቱ ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም። አንገቱን እንዳስደፋችው፣ ከእንግዲህ ገበያ መሃል እንዴት እንደሚሄድ ነገራት። ቢቢም ያኔ ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ተናገረች። አባቷ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ደም ተቃብቶ ነበር፤ ለእርቁ ካሳ ሆና የተሰጠችው እሷ ናት። በአህያ ጭነው ሲወስዷት የት እንደምትሄድ እንኳ የነገራት ሰው አልነበረም።

«ያኔ እንዳንቺ ያለች አሮጊት ብትኖር እኔም አልወለድም ነበር» አላት አጎቴ።

«አንተን በመውለዴ አላዘንኩም» አለችው። «ግን ልጠየቅ ይገባኝ ነበር።»

አጎቴ ያንን ክረምት ሙሉ እያኮረፈ ከረመ። ገበያ ውስጥ «የሴት ሎሌ» እያሉ እንደሚያፌዙበት እንሰማ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ግን እቃዬን ራሱ ተሸክሞ አውቶቡስ ተሳፈረና ሄራት አደረሰኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የራሱን ወፍራም ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና «ብርድ እንዳይመታሽ» ብሎኝ ተመለሰ። እሱንም ሳላመሰግን አልውልም።

ተምሬ ስመለስ ቢቢ በሕይወት ነበረች። መጀመሪያ ያዋለድኩት የጎረቤታችንን ልጅ ነው፤ ቢቢ ሕፃኑን ታቅፋ በሞላው ሰፈር «የእኛዋ ናት ያወጣችው» እያለች ስትኮራ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ስንቱን እንዳዋለድኩ ቆጥሬ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የልጄ የሞርሳል ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በአዲሶቹ ገዢዎች ሕግ ለሴት ልጅ ከስድስተኛ ክፍል በላይ መማር አይፈቀድም። እሷም ቤት ውላ፣ ተምራ የማታውቀውን እናቴን ፊደል ታስቆጥራለች። ትናንት ከሥራ ስገባ ሁለቱ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ባለው ጽሑፍ አቀርቅረው ሲጨቃጨቁ ደረስኩ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልትበዪኝ ነው?» ትላለች እናቴ።

«አያቴ፣ የእኛ ጽሕፈት ከግራ አይደለም የሚነበበው፣ ከቀኝ ነው!»

እናቴ ጣቷን ወደ ቀኝ መለሰችና ቃሉን ጨርሳ አነበበችው። ከዚያም ቀና ብላ አየችኝ። እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።