ሁለት ስፒከር፣ አንድ ጆሮ

ቧንቧ ሠራተኛው ሰው የጣለውን ዕቃ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሚስቱ ለዚህ ጠባዩ «መሐንዲሱ» የሚል ስም አውጥታለታለች፤ ስታሞግሰው ግን አይደለም። ሰሞኑን ደግሞ ብሶበት፣ ከወዳደቀ ዕቃ የሙዚቃ ማጫወቻ ገጣጥሟል። አምፕሊፋየሩን ያገኘው ቧንቧ ሊጠግን ከገባበት ቤት ምድር ቤት ነው፤ አቧራ ውጦት፣ ድምፁ ሲጨመር እየተንኮሻኮሸ። ስፒከሮቹን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰውዬ በርካሽ አመጣ። ዙሪያቸው ያለው ስፖንጅ ሲነኩት ስለሚፈርስ፣ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ስስ ቆዳ ቆርጦ በማስቲሽ ለጠፈለት። የቴፑም ላስቲክ ላልቶ ዘፋኙን ሁሉ እንቅልፍ ያዳፋው ያስመስለው ነበርና ተቀየረ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለዕቃ ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ባለፈው ዓመት ታማ ስትነሣ ግራ ጆሮዋ አልሰማ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ትንሿን ሬዲዮ በከፈተ ቁጥር «ዝጋልኝ፣ ጫጫታ ነው» ትላለች። ድሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘፍኑበትን ካሴት ሲሰሙ፣ እሷ የወንዱን እሱ የሴቲቱን እያንጎራጎሩ ይሳሳቁ ነበር። ያ ነገር ናፍቆታል። ደህና ዕቃ ከተገኘ ደግሞ ተመልሳ ከጎኑ ትቀመጣለች ብሎ አምኗል።

«ሁለቱን ስፒከርና ወንበሩን ሦስት ማዕዘን አድርጋቸው፤ ዘፋኞቹ ፊትህ መጥተው ይቆማሉ» ብሎታል ስፒከሮቹን የሸጠለት ሰውዬ። እሱም በቧንቧ መለኪያ ሜትሩ ለካ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ ሁለት ወንበር አሰናዳ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አስቀመጣትና ካሴቱን ከፈተ። ወንዱ ከግራ፣ ሴቲቱ ከቀኝ። የሱማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እሷ እጇን አጣጥፋ ጥቂት ሰማችና ዘፈኑ ሳያልቅ ተነሣች።

«ጥሩ ነው፣ እጅህ ይባረክ።»

«ወዴት ነው ታዲያ?»

«ሽንኩርት ልክተፍ።»

ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ያን ያህል ደክሞ በሽንኩርት መበለጥ ለማንም አይመኙትም። ካሴቱን ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ ግን ከወጥ ቤቱ በኩል እንጉርጉሮ ሰማ። የወንዱን ነው። ዞር ሲል ሚስቱ ቢላዋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷን ወደ ምድጃው፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ሳሎኑ አድርጋ።

ክው አለ። መንገድ ላይ ሁልጊዜ በቀኟ የሚሄደው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ «በዚህ በኩል አናግሯት» የሚለውም እሱው ነው። ሜትሩን ሲይዝ ግን ሁለት ጆሮ ላላት ሴት ለካ። በራሱ አፈረ።

የሷን ወንበር ቀኝ ጎኑ ለስፒከሮቹ እንዲሆን አዞረው። የራሱን ወስዶ ከሷ ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠ። ጠመኔው በእግሩ ተረጋግጦ ጠፋ።

«ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» አለችው።

«ነይ ተቀመጪ። ሽንኩርቱ የትም አይሄድም።»

ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀመረው። እሷ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆይታ ገለጠች።

«መጣ ሰውዬው» አለች። «ቅድም እኮ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ነበር የሚያጉረመርመው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እንዲያ ለፍተህ? አንጀቴ አልቻለማ።»

ከዚያ አየችው። እሱም ወደሷ ዞሯል፤ ስፒከሮቹ በግራ ጎኑ ቀርተዋል።

«አንተስ? እንዲህ ተቀምጠህ ግማሹን አይደለም እንዴ የምትሰማው?»

«ያንቺን ያህል እሰማለሁ» አላት።

የወንዱ ተራ ደርሶ አለፈ፤ እሷ ገና እሱን እያየች ነበር። የሴቲቱ ሲመጣ እሱ በዚያ ጎርናና ድምፁ ጀመረ፤ እሷም እየሳቀች ተቀበለችው።