የቀኙ ጠርዝ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሥዕል ክፈፍ መሥሪያው ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ የቤቱ ባለቤት አጎቴ፣ ሥዕላቸውን ሊወስዱ የመጡት ሠዓሊዋ፣ ሴት ልጃቸውና እኔ።

ቅዳሜ ዕለት የክፈፉን እንጨት ስቆርጥ በሁለት ጣት አሳጥሬው ነበር። ሌላ እንጨት አልነበረም፤ አጎቴ እንዳይቆጣኝም ፈራሁ። ስለዚህ ሸራውን በስተቀኝ በኩል ቆረጥኩት። ሥዕሉ ሰውም ቤትም የለበትም። ሰማያዊ ቀለም ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የቀኙ ዳር ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዳ ነበር። ዳር ስለሆነች ይህን ያህል የምትፈለግ አልመሰለችኝም። ቁራጩን ከሰጋቱራው ጋር ጠርጌ ጣልኩት። ከዚያ በፊት ሥዕሉን ከሠዓሊዋና ከእኔ በቀር ያየው አልነበረም።

ሠዓሊዋ ሥዕሉ ፊት ቆመው የቀኙን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ።

«እትዬ፣ አላማረም?» አለ አጎቴ።

«ሰማያዊው ይፈሳል» አሉ። «እዚህ ጋ የሚያቆመው ቀዩ ነበር። አሁን ከሸራው ወጥቶ ሄደ። የታለ ቀዩ?»

ልጃቸው ጠጋ ብላ አየች። «እማዬ፣ ቀይ ነገር የለበትም። እኔ እንዲያውም እንዲህ ደስ ይለኛል። የሚያግደው የለም፤ ክፍት ነው።»

«ክፍት አይደለም፤ ባዶ ነው። ቀዩን ቀብቼዋለሁ።»

«በሐሳብሽ ቀብተሽው ይሆናል።»

አጎቴ በጨዋታ ሊያልፈው ፈለገ። «ዝምተኛውን ይጠይቁት፤ የከፈፈው እሱ ነው። ግን ቁጭ ብለው ይጠብቁት፤ እስኪመልስ እግርዎ ይዝላል።»

ሠዓሊዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀይዋን መስመር አይተሃታል፣ ልጄ?»

«አላየሁም» አልኩ።

ዓይናቸውን ከታመሙ ዓመት አልፏቸዋል። ሐኪሙ «የሌለ ነገር ማየት ከጀመሩ ይንገሩኝ» ብሏቸው እንደነበር ልጃቸው ለአጎቴ በሹክሹክታ ስትነግረው ሰማሁ።

«እንግዲህ በቃኝ» አሉ ሠዓሊዋ። «ዓይኔ ከዋሸኝ ብሩሽ ይዤ ምን አደርጋለሁ?» ሥዕሉን ሳይወስዱ ወጡ።

ዓርብ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ደፉ ላይ ቆሜ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «መስመሯ ነበረች። የቆረጥኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምን ያህል ነው የቆረጥከው?»

ሁለት ጣቴን አሳየኋቸው። የራሳቸውን ሁለት ጣት አጠገቡ አድርገው ለኩት።

«ልክ ነው፤ እዚያ ላይ ነበረች» አሉ። ቀጥለውም፣ «ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔም ሦስት ቀን ፈርቼ ነበር።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከኋላቸው ያለው ክፍል ባዶ ነው፤ ቀለሞቻቸውንና ብሩሾቻቸውን ሐሙስ ዕለት ለሰው ሰጥተዋቸዋል።

የዚያኑ ቀን ለአጎቴም ነገርኩት። ሠዓሊዋ አዲስ ቀለም ገዝተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሥዕሎቻቸውን ግን ሌላ ቦታ ያስከፍፋሉ።