ጥፍር የምትቆርጠው ልጅ

ልብስ ሰፊዋ ለፊልሙ ምርቃት ለራሷ ቀሚስ ሰፋች። ለሰው ስትሰፋ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለራሷ መቼ እንደሰፋች ግን ትዝ አይላትም። ታናሽ እህቷ የጻፈችው ፊልም ቅዳሜ ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ነው። ታላቋን እንደምትጠራት፣ «እታለም፣ እንዳትቀሪ!» ብላ ሁለት ትኬት ልካላታለች። አንዱን ለጎረቤቷ ለፀጉር ሠሪዋ ሰጠቻት። ፀጉር ሠሪዋ ጎኗ ያለውን ሱቅ ከተከራየች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሳቋ ግድግዳ አልፎ ይሰማል፣ ስትወድም ስትጠላም ልክ የላትም።

«ዛሬ የታዋቂ ሰው እህት ጎን ልቀመጥ ነዋ!» አለቻት መንገድ ላይ።

«ሚጢ ነበር የምንላት። አሁን ማን ደፍሮ ሚጢ ይላታል!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊልሙ ሦስት ታሪክ ነው፤ አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንዱ በሰርጓ ዕለት የጠፋች ሙሽራ፣ አንዱ አልጋ ላይ የዋለ አባትና ሁለት ሴት ልጆቹ። አንዱን ያዝኩት ሲሉት ሌላው ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ሰው ግራ ተጋባ። «ይሄ ደሞ የማን ባል ነው?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ። «ዝም በል፣ ይገጥማል» አሉት። ቀስ እያለ ግን ሳቁ ጠፋ፣ ማስቲካ የሚያላምጠውም አፉን ገጠመ።

አባትየው ሲመጣ ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። አልጋው መስኮት ሥር ነው፤ በርጩማው ላይ ሬዲዮ አለ። አባባ ራሱ! «አልረሳችውም» አለች በልቧ። ከዚያ ከሁለቱ ልጆች አንዷ ትንሿን የክር መቀስ አንስታ፣ የአባቷን ጣቶች አንድ በአንድ እየያዘች ጥፍሩን ቆረጠችለት። ቆርጣ ስትጨርስ ጣቶቹን እፍ አለቻቸው።  እዚህም እዚያም አፍንጫ ሲጠረግ ተሰማ።

ያ መቀስ የልብስ ሰፊዋ ነው። ያ እፍ ማለትም የእሷ ነው። አባቷ ግማሽ አካሉ ተይዞ ስድስት ዓመት ሲተኛ ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ በማንኪያ ያጎረሰችው እሷ ናት። እጮኛዋ ሁለት ዓመት ታገሠና ሌላ አገባ። ሚጢ ዩኒቨርሲቲ ነበረች፤ ለእረፍት ስትመጣ ሦስት ቀን አልቅሳ ትመለሳለች።

«ይቺ ትልቋ ትሆናለች» ብላ ራሷን አጽናናች። ወዲያው በሩ ተከፈተና ከንፈሯን የተቀባች ሴት ገባች። ጥፍር ቆራጯ ቀና ብላ፣ «እታለም፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ አትቀመጪም?» አለቻት።

እታለም አልተቀመጠችም። አባትየው ሆስፒታል ሲያጣጥር እሷ ካፌ ውስጥ ከአንድ ወንድ ጋር ትስቃለች፤ ስልኳ ሲጮህ አይታ አጠፋችው።  የልብስ ሰፊዋ አባት የሞተ ዕለት እሷ ለደንበኛ ቀሚስ ቁልፍ ልትገዛ ሃያ ደቂቃ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ አልቋል። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በቀብሩ ማግስት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለእህቷ።

«አውሬ!» አለች አንዲት ሴት ከፊት።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር!» አለች ፀጉር ሠሪዋ እንባዋን እየጠረገች። «እንዲህ ያለችውን የእጇን ይስጣት!» ብላ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ጨበጥ አደረገች።

ሦስቱ ታሪኮች ሆስፒታሉ በር ላይ ተገናኙና መብራት በራ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ታናሿ መድረክ ላይ ወጣች። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ማይኩን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ሦስቱን ክር እንዲህ አድርጎ መፍተል ቀላል አይደለም። እጅሽ ይባረክ» አሏት። ቀጥላ አንዲት ወጣት፣ «እውነተኛ ታሪክ ነው?» ስትል ጠየቀች።

ታናሿ አቀረቀረች። «ሹፌሩና ሙሽራዋ ፈጠራ ናቸው። የአባትየው ግን... ከራሴ ሕይወት የቀዳሁት ነው።»

ጭብጨባው እንደገና ፈነዳ። ፀጉር ሠሪዋም አጨበጨበች፤ ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ለእናታችሁ ስንት ናችሁ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋን።

«ሁለት።»

 ፀጉር ሠሪዋ በመሃላቸው ያለውን ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ታናሿ በር ላይ አበባ ታቅፋ፣ በሰው ተከባ ነበር። «እታለም! እንዴት አየሽው?»

«የአባባን ጥፍር ማን ነበር የሚቆርጠው?»

ታናሿ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። «ፊልም እኮ ነው። ታሪኮቹ እንዲገጥሙ አንዷ መጥፋት ነበረባት።»

«ታዲያ አንቺ አትጠፊም? የጠፋሽው አንቺ!»

«አለመኖሬ አይደል እንዴ የሚያንገበግበኝ?» የታናሿ ዓይን እንባ ሞላ። «በነበርኩ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሌላ በምን ልካሰው?»

«በእኔ! የተመኘሽውን ከላዬ ገፈሽ ለበስሽው። እኔን በአደባባይ ራቁቴን አቆምሽኝ። ቁልፍ ልገዛ መውጣቴን ለማን ብዬ ነው የነገርኩሽ?»

 ፎቶ አንሺ ታናሿን ጠራት፤ አንዴ እህቷን፣ አንዴ ፎቶ አንሺውን አየችና ሄደች።

ፊልሙ ሳምንታት ቆየ። ደንበኛ ለልክ እጇን ዘርግታ ቆማ የምታወራው ስለ እሱ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ደጃፏ ድረስ ሄዳ፣ «አባቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለቻት። እውነት ሆኖ ሳለ ከአፏ ሲወጣ የሌባ መሐላ መሰለ። ፊልሙ ቀድሟታል።

«እሺ እህቴ፣ እሱ ይፍታሽ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ፀጉር መጠቅለሏን ሳታቋርጥ።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ፣ በቀን፣ ትኬት ቆርጣ ብቻዋን ገባች። የተወሰደባትን ሁሉ አንድ በአንድ ልታይ ነው። ጥፍሩ ሲቆረጥ ግን ፊቷ ረጥቦ አገኘችው። ከአዳራሹ ሰው ጋር እኩል ለዚያች ልጅ እያለቀሰች ነበር። የገዛ ዓይኗ ከዳት። በመዳፏ ጠረገችውና ጥርሷን ነክሳ ማየቷን ቀጠለች። መጨረሻ ላይ፣ ያን ቀን በንዴት ያላስተዋለችው መጣ፤ ልጅቷ የአባቷን ቀኝ እጅ ይዛ «ካወቅከኝ ጨበጥ አድርገኝ» አለችው። አባትየው በቀኝ እጁ ጨበጣትና አረፈ።

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ወጣች። ታናሿ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ አንስታላት አታውቅም። ዛሬ በር ላይ ቆማ ራሷ ደወለችላት።

«እታለም! ውይ፣ በናትሽ—»

«የአባባ ቀኝ እጁ ነበር የሞተው፣ ሚጢ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በዚያ እጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንንም ጨብጦ አያውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።  

«ይህን እንኳ አላየሽም» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሱቋ ተመልሳ መብራቱን አበራች። ዚፑ የተበላሸ ጉርድ ነገ ይፈለጋል፤ አሮጌውን ዚፕ ልትፈታ ተቀመጠች።