ቦሰና የለቀለቀችው የቴኒስ ሜዳ

ቦሰና ነጠላዋን እንዴት አድርጋ እንደምትለብስ ከጠፋት ዓመት ከሦስት ወር ሊሆናት ነው። ሐዘን የገባባት ሴት ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ትለብሳለች፣ ባሏ ደህና የሆነላት ደግሞ ወደ ታች ለቃው ትሄዳለች፤ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። የሷ ባል ግን ከሁለቱም አልሆነላትም። ኢታና ይባላል፣ ሰንጋ ተራ በሬ የሚሸጥ፣ ድምፁ ከበሬው የሚብስ ሰውዬ። በዚያች የካቲት አሥራ ሁለት፣ ጣልያን ከተማውን በእሳትና በጥይት ሲያምሰው፣ ገበያ እንደወጣ ቀረ። አመሻሹ ላይ በሬው ብቻውን ገመዱን እየጎተተ ጌጃ ሰፈር ድረስ መጣና በሯ ላይ ቆመ።

ሞቷል ብላ ነጠላዋን ብታዘቀዝቅ በቁም ሰው ላይ ማሟረት ነው። አለ ብላ ብትለቀው ደግሞ ባሏ ሞቶ የምትሽሞነሞን ትባላለች። ሰፈሩም መቼ ዝም አላት! አንዷ፣ «በመርከብ ጣልያን አገር ወስደውታል» ትላለች። ሌላዋ፣ «ምን መርከብ አለው! ሰበታ ያስቀመጣት አለች፣ እዚያ ጮማውን እየቆረጠ ነው» ትላለች። ይቺ ሁለተኛዋ ጠጅቱ ናት፤ የቦሰና የአጥር ጎረቤት፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጅ፣ የሚታማ ሰው ሲጠፋ የገዛ ባሏን የምታማ።

ቦሰና ሁሉንም ትሰማለች። አትናደድም፣ አታለቅስምም። እግር ብዙ ሲቀመጡበት ይደነዝዝ የለ? ቢቆነጥጡት የሰው እግር ይመስላል። ልቧ እንደዚያ ነበር። የኢታናን እራት ከፍላ ትከድናለች፣ ሲነጋ ለውሻ ትሰጠዋለች። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ፣ አገላብጣ አይታ፣ ወገቧ ላይ ታስረውና ወደ ሥራ ትወጣለች። ወገብ ላይ የታሰረ ነጠላ ላይም ታችም የለው።

ሥራዋ ልቅለቃ ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ወለል በእበት እንደ ቦሰና የሚለቀልቅ አልነበረም።

ታዲያ ልደታ፣ ከአውሮፕላኑ ሜዳ አጠገብ፣ የጣልያን መኮንኖች ቴኒስ የሚሉትን ጨዋታ መጫወቻ ሠርተው ነበር። ቀይ አፈር አስደልድለው፣ በኖራ ነጭ መስመር አስምረው፣ መካከሉን በመረብ ከፍለውታል። ጥሩ። የበጋው ፀሐይ ሲያገኘው ግን መሬቱ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ኳሷ ስንጥቁ ላይ ባረፈች ቁጥር ወይ እዚያው ትተኛለች ወይ የሰውየውን አፍንጫ ትላለች። ይሄኔ ገብረየሱስ የሚባለው አስተርጓሚ የቦሰናን ሙያ ሰምቶ ኖሮ፣ መጥቶ ወሰዳት።

ቦሰና ከሰንጋ ተራ እበቱን በቅርጫት አምጥታ፣ ከጭቃው ጋር በእግሯ ረግጣ፣ በእጇ መዳበስ ስትጀምር የሜዳው ኃላፊ ካፒታኖ ፎስኮ አፍንጫውን ይዞ መጣ። አጭር፣ ቀይ፣ እግሩ እንደ ሰታቴ ጆሮ የጎበጠ ሰው ነው።

«አንቺ፣ ምንድነው ይሄ ይልሻል» አለ ገብረየሱስ።

«እበት ነው በለው።»

«እበት መሆኑንማ አፍንጫውም ነግሮታል! ለምን ነው የሚለው።»

«አውድማ ካልተለቀለቀ ይሰነጠቃል። ይሄም ያው አውድማ ነው።»

«እህል የለውም እኮ!»

«ታዲያ ምን ሊወቁበት ነው?»

ገብረየሱስ ይሄን ምን ብሎ እንደተረጎመው እሱ ያውቃል፤ ካፒታኖው ሳቀና ሄደ። በማግስቱ መሬቱ ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ፣ ኳሷ እኩል መንጠር ጀመረች። ካፒታኖው ጎንበስ ብሎ መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰና ጣቱን ሳመ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚሳለም። ከዚያ ቀን ወዲያ መጫወት ሲጀምር ይሄንኑ ያደርጋል።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ትልቅ ውድድር ሆነ። ከአስመራ፣ ከሐረር፣ ከጅማ ሳይቀር መኮንን መጣ። የወንዶች ነው፣ አንድ ለአንድ፣ የተሸነፈ ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ሰው የብር ዋንጫ ይወስዳል። ካፒታኖ ፎስኮ አንዱን ጣለ፣ ሁለተኛውን ጣለ፣ ሦስተኛውን ጣለ። የረታሁት በዚች ሴትዮ እጅ ነው ብሎ ያምናል፤ ፈረንጅም ሲያምን እንዲህ ነው። አስጠራት።

«ምን ላድርግልሽ ይላል። ስኳር? አቡጀዲ?» አላት ገብረየሱስ።

«ስም እንዲያይልኝ ነው።»

«የምን ስም?»

«ኢታና፣ የሰንጋ ተራው በሬ ሻጭ። የያዟቸውን የጻፉበት መዝገብ አለ አሉ። አለ ወይስ የለም፣ ይቺን ብቻ።»

ገብረየሱስ ግራ ቀኙን አየ። «ይሄ የሚጠየቅ ነገር ነው? ስኳሩን ውሰጂ ይቅርብሽ።»

«ስኳር አልፈልግም።»

ተረጎመላት። ካፒታኖው ጣቱን አነሳ። «ዋንጫውን ከወሰድኩ መዝገቡን አያለሁ፣ ከተሸነፍኩ ግን ማንም አጠገቤ ድርሽ እንዳይል ብሏል» አላት ገብረየሱስ።

የመጨረሻው ግጥሚያ የግንቦት ልደታ ዕለት ሆነ። እነሱም በዚያው ቀን አገር የያዝንበት እያሉ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ቦሰና በዋዜማው ገና ጎሕ ሲቀድ ሄዳ ሜዳውን ለቀለቀች። ያን ዕለት ግን ተንኮል ሠራች። ካፒታኖው ሁልጊዜ በልደታ ቤተ ክርስቲያን በኩል ቆሞ ሲጀምር አይታዋለች። ያንን ጎን ሁለት ጊዜ አሳምራ ደራረበችው። የዚያኛውን ጎን ግን ለይስሙላ እጇን አሳለፈችበት እንጂ፣ ከመስመሩ ጥግ ያለውን ስንጥቅ አልነካችውም።

የሰፈሩ ሴቶች ንፍሯቸውን በሰፌድ ይዘው ከአጥሩ ውጪ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ለልደታ ንፍሮ ደጅ ነው የሚበላ፣ ማን ይከለክላል? ጠጅቱ ባቄላዋን እየቃመች ትመለከታለች።

«ይሄ ማማ ላይ የተሰቀለው ማነው? ዝንጀሮ ጠባቂ ነው?»

«ዳኛው ነው» አለች ቦሰና።

«እነዚህ ደግሞ ሱሪያቸውን ማን ቆረጠባቸው? ምን የሚያህል ጎረምሳ ወንፊት ይዞ አንድ ኳስ ያባርራል! ኧረ ተመልካቹን እዩልኝ፣ አንገቱን ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ!»

ዳኛው ጮኸ። ገብረየሱስ አጥሩን ተደግፎ፣ «አሥራ አምስት» አላቸው።

«አንዴ መትቶ አሥራ አምስት?» አለች ጠጅቱ። «እንዲህ እየቆጠሩ ነው ለካ ጀግና ነን የሚሉት!»

የካፒታኖው ባላጋራ ከአስመራ የመጣ ረዥም መኮንን ነበር፣ ክንዱ ከመረቡ ማዶ የሚደርስ የሚመስል። መጀመሪያ ካፒታኖው ጥሩ ሄደለት። ቀጥሎ ዳኛው አንድ ነገር ተናገረና ሁለቱም ዕቃቸውን ይዘው ቦታ ተለዋወጡ። ረዥሙ ቦሰና ሁለቴ የደራረበችው ጎን ላይ ሄዶ ቆመ። ካፒታኖው ስንጥቁ ጋ ቆመ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ቦሰና።

«ጎን ይለዋወጣሉ» አለ ገብረየሱስ። «ሕጉ ነው። ፀሐዩም ነፋሱም እኩል እንዲደርሳቸው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አላየሽም እንዴ ይሄን ሁሉ ቀን?»

አላየችም። ይሄን ሁሉ ቀን ሰዎቹን አይታ አታውቅም፣ መሬቷን ነበር የምታየው። የተንኮሉን ነገር ለጠጅቱ በጆሮዋ ነገረቻት። ጠጅቱ የቃመችው ባቄላ ትን አላት፣ ጀርባዋን መምታት ግድ ሆነ።

«አንቺ ጉደኛ! የገዛ ሰውዬሽን ገደልሽው!»

ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ እንዲህ ነበር፤ ካፒታኖው ደህናው ጎን ሲሆን ይረታል፣ ስንጥቁ ጎን ሲሆን ግን ይሸነፋል፣ ይሳደባል፣ መምቻውን መሬት ይወረውራል። ተመልካቹ ነፍሱን ይዟል። ጠጅቱም ንፍሮዋን ረስታ «ምታው! ምታው አንተ ሰታቴ!» እያለች ትጮኻለች፤ ጠላት መሆኑን ኋላ ነው ያስታወሰችው። ቦሰና ግን እዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ምንም አልመጣላትም። ካፒታኖው ካሸነፈ የባሏን ነገር ታውቃለች፣ ከተሸነፈ አታውቅም። ይሄን በደንብ ታውቀዋለች፤ ማወቋ ግን የጎረቤት ጉዳይ ይመስል ነበር።

«ኳራንታ!» አለ ዳኛው።

«አርባ» አለ ገብረየሱስ። «ካፒታኖው አንድ ቀረው።»

አርባ ሲባል ቦሰና የሚታያት ተዝካር ነው። እጇን አየችው፣ ጥፍሯ ሥር እበት ነበር። ካፒታኖው ከደህናው ጎን ቆሞ፣ መሬቱን ዳስሶ፣ ጣቱን ስሞ መታ። ኳሷ ሄዳ ከመስመሩ ጥግ ያ ስንጥቅ ላይ አረፈች። አልነጠረችም። ረዥሙ መኮንን መምቻውን ከፍ አድርጎ ጠበቃት፣ እሷ ግን እንደ ወደቀ ሎሚ እዚያው ተንከባለለች።

ካፒታኖው ዋንጫውን ተሸክሞ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ለቦሰና እጁን አወዛወዘላት።

በማግስቱ ገብረየሱስ ቤቷ ድረስ መጣ። ጠጅቱ ጨው ልበደር ብላ እግሩን ተከትላ ገባች። ሁልጊዜ «አንቺ» የሚላት ሰውዬ ያን ቀን፣ «እትዬ ቦሰና፣ ይቀመጡ» አላት።

«እንደቆምኩ ንገረኝ።»

«አይቶታል። ቃሉን ጠብቋል። ስማቸው አለ። በሦስተኛው ቀን ነው። የካቲት አሥራ አራት። መቃብር የለም፣ ከሌሎቹ ጋር ነው።»

«እሺ» አለች ቦሰና።

«ደግሞ ሐሙስ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሜዳው እንደ አዲስ ይለቅለቅ ብሏል። አሥር ሴት ይዘሽ… ይዘው እንዲመጡ። ወረቀቱ ይኸው።»

«እሺ።»

ሲወጣ ጠጅቱ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «ሰበታ አለ ያልኩበት አፌ ይቆረጥ» አለችና አፏን በነጠላዋ ይዛ አነባች። ጮክ ማለት አይቻልም። ከየካቲት ወዲህ ሰው ለለቅሶ ተሰብስቦ ከተገኘ ይታፈሳል፣ እሪታ ከተሰማ ወታደር ይመጣል። የሰፈሩ ሐዘንተኛ ሁሉ እርሙን ሳያወጣ በየቤቱ ታፍኖ ነበር የቀረ። ጠጅቱ ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ቀና አለች። እያለቀሰችም ተንኮል አይለቃትም።

«ወረቀቱን አምጪው እስቲ። ስንት ሴት ነው ያለ?»

«አሥር።»

«አሥር ሴት መሰብሰብ ትችላለች ብሎ በማኅተም ጽፎልን! ታዲያ ለቅሶ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?»

ረቡዕ ጠዋት አሥሩም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡ። ጉልበታቸው ላይ ሆነው በአንድ መስመር ተደረደሩና ወደ ኋላ እየተሳቡ ይለቀልቁ ጀመር። ደረት መምታት አይቻልም፣ እበት መምታት ግን ሥራ ነው። አሥር መዳፍ በአንድ ላይ መሬቱን ጠፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ይዳብሳል። ጠጅቱ መሐል ሆና በዝግታ አወረደች።

«በሬውስ መጣልኝ ገመዱን ጎትቶ፣
ነጂው ወዴት ቀረ ገበያው ተፈትቶ?»

ጠፍ።

«ዓመት ሙሉ እራቱን ከድኜ ሳቆየው፣
ለካስ በሦስት ቀኑ አፈር ነው የበላው።»

ጠፍ። ሴቶቹ እየተቀበሉ፣ እንባቸው እበቱ ላይ እየተንጠባጠበ ይዳብሱታል። እያንዳንዷ የራሷን ሰው ስም ታስገባለች፤ ወንድም፣ ልጅ፣ አበ ነፍስ። ካፒታኖው በረንዳው ጥላ ላይ ቡናውን ይዞ ይሰማል። «ብራቮ!» ብሎ አጨበጨበና ገብረየሱስን ምን እያሉ ነው አለው።

ገብረየሱስ፣ «የሥራ ዘፈን ነው» አለ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር እኮ።

ቦሰና ብቻ አላለቀሰችም። ጠጅቱ በክርኗ ጎሰመቻት። «አልቅሺ እንጂ! ሚስትየው ደረቅ ሆና ሰው ምን ይላል?»

«እጄ ሥራ ይዟል።»

«እንባ በእጅ ነው እንዴ የሚወጣው?»

ቦሰና ከመስመሩ ጥግ ያ ስንጥቅ ጋ ደርሳ ነበር። እበቱን በእጇ ሙሉ አነሳችና ጠቅጥቃ ሞላችው፣ ከላይ ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው፣ ሌሎቹ ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ እሷ እዚያው ነበረች። ያቺን ቦታ ማን መቃብር ይላታል? የማንም እግር ይረግጣታል። ቢሆንም አሳመረቻት።

ሐሙስ ትልልቆቹ ሰዎች መጥተው ተጫወቱ። ኳሷ ጧ፣ ጧ ስትል ጌጃ ሰፈር ድረስ ይሰማል።

ቦሰና አላየችም። ያን ዕለት ጠዋት ነጠላዋን አንስታ፣ ሳታገላብጥ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለበሰችና ቅርጫቷን ይዛ ወደ ሰንጋ ተራ ወረደች። በሬ ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው የሰው በሬ እያንኳሰሱ፣ ጥርስ እየገለጡ ይጨቃጨቁ ነበር። አንዱ አያትና ዱላውን ዝቅ አደረገ። ቀጥሎ ያለው ዞሮ አየ። ጭቅጭቁ ከዳር ጀምሮ እየጠፋ ሄዶ፣ የተቀመጡት አንድ በአንድ ብድግ አሉ። በሬዎቹ ብቻ ሲያመሰኩ ይሰማ ነበር።

ቦሰና በመካከላቸው አለፈች። ጎንበስ አለችና ቅርጫቷን መሙላት ጀመረች።